የሜጫ አገር ታሪክ ምስክሮች
(ስለ መራዊ አካባቢ የተደረገ አጭር ጥናት)

መግቢያ

ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ዳንግላ የሚሄድ መንገደኛ ሠላሳ ከጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ መራዊ ይደርሳል። መራዊ የሜጫ ወረዳ ከተማ ሆና የኖረች የገበያ ቦታ ናት። ዙሪያዋ በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ የሚዘራበት ሰፊ ሜዳ ነው። በስተ ሰሜንዋ ጣና ሐይቅ፣ በስተ ደቡብዋ ደግሞ የግልገል ዓባይ ምንጭ የሚገኝበት የሰከላ ደጋ ይገኛል። ስለ ጣና ደሴቶችም ሆነ ስለ ግሽ ዓባይ ምንጭ በአገራችንም በውጭ አገርም ቋንቋ ብዙ ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ስላለው ስለ ሜጫ አገር ግን የተጻፈው እጅግ ጥቂት ነው፤ እሱም ቢሆን ወደ ሌላ ቦታ የሚሄዱ ሰዎች ሲያልፉ የጻፉት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። የሜጫ አገር ታሪክ መዝገብ የለውም ይባላል፤ እኔ ግን መዝገብ ነበረው እላለሁ። መዝገቡም በብራና ላይ ሳይሆን በርስት ሙግት፣ በሽማግሌዎች ቃል፣ በቦታ ስምና በመሬት ውስጥ ይገኝ ነበር። ከእነዚህ ምስክሮች መካከል ዋናው የርስት ሙግት ከ1975 ወዲህ ቀርቷል፤ ያንን ሙግት በጆሮአቸው የሰሙ ሰዎችም በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስለዚህ ጥናቱን ለነገ የምናሳድረው አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ የተቆጠረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የአካባቢ ታሪክ ጥናት በሌላ አገር እንዴት እንደ ተጀመረ ጥቂት ማስታወስ ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በ1899 የየአውራጃውን ታሪክ ሰበካ በሰበካ እየለዩ ለመጻፍ ታላቅ ሥራ ተጀመረ፤ ሥራው ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም እስከ ዛሬ አላለቀም። ጸሐፊዎቹ ይህን ሊጀምሩ የቻሉት የተጻፈ ነገር ስለ ነበራቸው ነው። በ1086 ንጉሡ አገሩን አስቆጥሮ ያስጻፈው መዝገብ አለ። ከ1538 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ሰበካ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን እንዲመዘግብ ታዝዞ ነበር። የሜጫ ሰበካ እንዲህ ያለ መዝገብ አልነበረውም። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ መንገድ ለእኛ ስላልተመቸን መንገድ የለም ማለት አይደለም፤ የራሳችንን መፈለግ አለብን።

አላፊዎች የጻፉት

ስለዚህ አገር ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች የታወቁት የዓባይን ምንጭ ለማየት የመጡት ናቸው። ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ጴድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ በሚያዝያ ወር 1618 ምንጩን አየ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ከጎንደር ተነሥቶ በኅዳር 1770 እዚያው ደረሰ። ሁለቱም ልባቸው ያለው በምንጩ ላይ ነበር። በመንገድ ያለውን አገር የሚያነሡት ወንዝ ሲሻገሩ፣ ዝናብ ሲመታቸው ወይም ከአገሩ ገዥ ጋር ሲነጋገሩ ነው።

የሆነ ሆኖ ብሩስ የጻፈው አንድ ነገር ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ያለውን አገር «ማይትሻ» እያለ ይጠራዋል፤ ይህም የእኛው ሜጫ ነው። አገሩንም የኦሮሞ ተወላጆች የሰፈሩበት አገር አድርጎ ይገልጸዋል። በመንገዱ የተገናኘው የዳሞት ገዥ ፋሲልም ራሱ ከኦሮሞ ትውልድ የመጣ የደጃዝማች ወረኛ ልጅ ነበር። እንግዲህ በ1770 ሜጫ የሚለው ስም በዚህ አገር ላይ ጸንቶ እንደ ነበረ በጽሑፍ ማስረጃ አለን።

ከዚያ በኋላ ከመጡት መካከል ከሁሉ ይልቅ አገሩን ያወቀው ሮበርት ቺዝማን ነው። ቺዝማን ከ1925 እስከ 1934 በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ኖረ። የሐይቁን ዳርቻና የዓባይን ሸለቆ እየዞረ ካርታ አነሣ፤ መጽሐፉንም በ1936 አሳተመ። የእሱም ዓላማ ግን ውሃው ነበር። ስለ ገበሬው፣ ስለ መሬቱ ይዞታና ስለ ሰፈሩ አሰፋፈር ጠይቆ ለማጥናት አልተነሣም። እንግዲህ አላፊዎች የጻፉት ለእኛ እንደ መነሻ ሊያገለግለን ይችላል፤ እንደ ታሪክ ግን ሊበቃን አይችልም።

የብራና ምስክርነት

ሁለተኛው ምስክር የገዳማት ብራና ነው። በጣና ደሴቶች ላይ የሚገኙት ገዳማት፣ ከእነርሱም ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ፣ ብዙ የቆዩ መጻሕፍት አሉአቸው። ደሴት በመሆናቸውም ጦር የየብሱን አገር ሲያጠፋ መሸሸጊያ ሆነው ቆይተዋል። ጀርመናዊው ኤርንስት ሐመርሽሚት በ1968 ወደ ደሴቶቹ ሄዶ ብዙዎቹን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አንሥቷል፤ ዝርዝራቸውንም ከ1973 ጀምሮ አሳትሟል። ከመጻሕፍቱ በአንዳንዶቹ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ንጉሡ ለገዳሙ የሰጠው ጉልት ከነወሰኑ ተጽፎ ይገኛል። ወንጌል የማይሰረዝ መጽሐፍ ስለ ሆነ የመሬት ስጦታ በወንጌል ላይ መጻፉ የተለመደ ነበር።

ይህ ምስክር ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን የሚመሰክረው ለራሱ ወገን ነው። ጉልት ማለት ከመሬቱ ግብር የመብላት መብት ነው እንጂ መሬቱን የማረስ መብት አይደለም። ስለዚህ ብራናው ግብሩ ለማን እንደ ተሰጠ ይነግረናል። መሬቱን ማን እንዳረሰው፣ ከየት እንደ መጣና በምን ቋንቋ እንደ ተናገረ ግን አይነግረንም። የዘጌን ባሕረ ገብ መሬት ብንወስድ በጻድቁ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ምክንያት በሬ የማይጠመድበት የቡና አገር መሆኑን የገዳሙ ትውፊት ይናገራል። በአንድ ቀን መንገድ የሚገኘው የሜጫ ሜዳ ግን ሁለንተናው በበሬ የሚታረስ ነው። የአንዱን ታሪክ ጠብቆ ያቆየ ገዳም አለው፤ የሌላውን የሚያቆይ ማን ነው?

የስም ምስክርነት

ሦስተኛው ምስክር የቦታ ስም ነው። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል፤ በዚህ አገር ግን ስም ከቋንቋም በላይ ውሏል። ሦስት ስሞችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ዳሞት ነው። በመካከለኛው ዘመን ዳሞት የሚባለው መንግሥት የነበረው ከዓባይ በስተ ደቡብ ነበር። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የሚነሣው ሞተለሚም የዚያ አገር ንጉሥ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና በ17ኛው መባቻ የኦሮሞ እንቅስቃሴ ሲበረታ ከዳሞት ሕዝብ ብዙው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን መጣ፤ ስሙንም ይዞ መጣ። ዛሬ ዳሞት ስንል በጎጃም ውስጥ ያለውን አገር ማለታችን ነው። እንግዲህ ስሙ በካርታ ላይ ወንዝ ተሻግሯል።

ሁለተኛው ጋፋት ነው። ጋፋቶች እንዲሁ ከዓባይ ወዲያ ወደ ጎጃም የመጡ ሕዝብ ናቸው። ቋንቋቸው ከአማርኛ ጋር የሚዛመድ፣ ነገር ግን ራሱን የቻለ የሴም ቋንቋ ነበር። ብሩስ መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ጽሑፉን ወደ አገሩ ወስዶታል። የቋንቋ ሊቁ ዎልፍ ሌስላው ያንን ጽሑፍ ካጠና በኋላ በ1947 ተናጋሪዎቹን ፍለጋ ወደ ጎጃም መጣ። ያገኘው አራት ሰዎችን ብቻ ነበር። ሕዝቡ አልጠፋም፤ ልጆቹ አማርኛ ተናጋሪ ሆነው በዚያው በአገራቸው ይኖራሉ። የጠፋው ቋንቋው ነው።

ሦስተኛው ሜጫ ነው። አባ ባሕርይ በ1593 ገደማ ስለ ኦሮሞ ሕዝብ በግዕዝ በጻፈው መጽሐፍ ሜጫ ከቦረን ነገዶች እንደ አንዱ ተጠቅሷል። ከዓባይ ወዲያ ዛሬም የሜጫ ኦሮሞ አለ። በ1963 የተቋቋመው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ስሙን ያገኘው ከዚያው ነው። ዐፄ ሱስንዮስ በልጅነቱ በኦሮሞዎች ተማርኮ ከእነርሱ ጋር ያደገ ንጉሥ ነበር። ከነገሠም በኋላ፣ ከ1607 እስከ 1632፣ ብዙ የኦሮሞ ወታደሮችን በጎጃምና በበጌምድር አሰፈረ። ከእርሱም በኋላ ቀዳማዊ ኢያሱ፣ ከ1682 እስከ 1706 በነገሠበት ዘመን፣ ይህንኑ ፖለቲካ ቀጠለበት። ባሶ፣ ሊበን፣ ጃዊና ሜጫ የሚሉት የጎጃም ስሞች ሁሉ የዚህ ዘመን ቅሪት ናቸው።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት በአገሩ የነበረው አገው ነው። ሰባቱ ቤት አገው ዛሬም ከሜጫ በስተ ደቡብና በስተ ምዕራብ፣ በዳንግላና በእንጅባራ ወገን፣ ቋንቋውን እንደ ያዘ ይኖራል። በሐይቁ ዳር ደግሞ ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት ነገደ ወይጦ አሉ። እነርሱም የቀድሞ ቋንቋቸውን ትተው አማርኛ ተናጋሪ ከሆኑ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቦታ ስም የሚነግረን ማን መጥቶ እንደ ነበረ ነው፤ ዛሬ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደ ሆነ አይነግረንም። አገሩ ሜጫ ስለ ተባለ ኗሪው ሁሉ ከሜጫ ተወለደ ማለት አይቻልም። ኗሪው አማርኛ ስለ ተናገረም ከሜጫ አልተወለደም ማለት አይቻልም። ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው ሌላ ምስክር ነው።

የሙግት ምስክርነት

አራተኛው ምስክር የርስት ሙግት ነው። በጎጃም ርስት ማለት አንድ ሰው የገዛው ወይም አጥር ያጠረበት ማሳ ማለት አልነበረም። አንድን አገር መጀመሪያ ያቀና ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ከአቅኚው አባት የሚወለድ ሁሉ በወንድም ሆነ በሴት በኩል ቢወለድ በዚያ አባት ስም ከተያዘው መሬት ድርሻ እንዲሰጠው የመጠየቅ መብት ነበረው። አላን ሆበን የተባለ አሜሪካዊ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት አጥንቶ በ1973 መጽሐፍ አሳትሟል።

ድርሻ የሚጠይቅ ሰው በዳኛና በሽማግሌ ፊት ቆሞ ትውልዱን ይቆጥራል። «እኔ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ የእገሊት ልጅ፣ እገሊት የእገሌ ልጅ» እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ይወጣል። ተከራካሪው አንዱን ስም ሐሰት ነው ካለ ምስክር ይጠራል። ፈጅ የሚባለው የመሬቱ ወኪልም ነገሩን ያውቃል ተብሎ ይጠየቃል። እንግዲህ ቆጠራው መዝሙር ወይም ተረት አልነበረም። በተቃዋሚ ፊት የሚነገር፣ የሚመረመርና መሬት የሚያስገኝ ወይም የሚያሳጣ ማስረጃ ነበር። ሐሰት አልነበረበትም ማለቴ አይደለም፤ መሬት ያለበት ነገር ሐሰት አያጣውም። ነገር ግን የሚያርመው ባላጋራ ያለው ሐሰት፣ ማንም ከማይቃወመው የነገሥታት ምስጋና ይልቅ ለታሪክ ተመራማሪ ይጠቅማል።

ከዚህ ሥርዓት አንድ ታላቅ ነገር ይከተላል። ርስት በእናትም በኩል ስለሚወረስ፣ ወደ አገሩ አዲስ የመጣ ሰው ከነባሩ ሴት ልጅ ቢያገባ ልጆቹ በእናታቸው በኩል የነባሩ አቅኚ አባት ርስተኞች ይሆናሉ። የነባሩም ልጅ ከመጤው ወገን ቢያገባ እንዲሁ ነው። ይህ በአራትና በአምስት ትውልድ ሲደጋገም፣ አንድ የሜጫ ገበሬ በአንድ በኩል ከአገው፣ በሌላው በኩል ከዳሞት፣ በሦስተኛው በኩል ከኦሮሞ አቅኚ አባት ርስት ሊጠይቅ ይችላል። ለእርሱ የዘሩ መብዛት የሚያሳፍረው ሳይሆን ሀብቱ ነበር፤ ብዙ አባት ያለው ሰው ብዙ ቦታ ድርሻ ይጠይቃልና። ዛሬ በአገራችን «ነባሩ ማን ነው፣ መጤው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ደም አፍስሷል። የቀድሞው የጎጃም ገበሬ ግን ይህን ጥያቄ በፍርድ ቤት ያነሣው ነበር፤ መልሱም ብዙ ጊዜ «ሁለቱንም ነኝ» የሚል ነበር።

የጎጃም ሕዝብ ይህን ሥርዓት አጥብቆ ይጠብቀው ነበር። በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በ1968 በጎጃም የተነሣው አመፅ ምክንያቱ የግብሩ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ከተለካ ርስታችን ይነካል የሚል ሥጋት ከግብሩ ጋር ተደርቦ ነበር።

ከዚያም በመጋቢት 1975 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ፤ ርስትም ቀረ። አዋጁ በአገሪቱ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት እንዳመጣ ማንም አይክደውም። ነገር ግን ለታሪክ ጥናት ያደረሰው ጉዳት አልታሰበበትም። ሰው ትውልዱን የሚቆጥርበት ምክንያት ሁለት ነበር፤ አንዱ ርስት፣ ሁለተኛው ጋብቻ። ርስት ሲቀር የቀረው ጋብቻ ብቻ ሆነ። ለጋብቻ የሚፈለገው ደግሞ ሰባት ቤት መቁጠር ነው። አንድ ትውልድ 30 ዓመት ቢሆን ሰባት ትውልድ 210 ዓመት ነው፤ ይህም ወደ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ያደርሰናል እንጂ ወደ ቀዳማዊ ኢያሱና ወደ ሱስንዮስ ዘመን አያደርሰንም። ርስት ግን እስከ አቅኚው አባት ድረስ ያስቆጥር ነበር። እንግዲህ በ1975 የሜጫ አገር ትዝታ ከመቶ ዓመት በላይ አጠረ ማለት ይቻላል። በዚያ ዓመት የ25 ዓመት ጎልማሳ ሆኖ የአባቱን ሙግት የሰማ ሰው ዛሬ ዕድሜው ከ75 አልፏል። የዛሬው ገበሬ ለመሬቱ የሚያቀርበው ማስረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን ነው፤ በደብተሩም ላይ የአያቱ የአያት ስም አይጻፍበትም።

ሙግት የማያነሣቸው ሰዎችና የመሬት ምስክርነት

የርስት ሙግት ግን አንድ ታላቅ ጉድለት አለበት። ርስት የሌለው ሰው በሙግት ውስጥ ስሙ አይጠራም። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው፣ ነገደ ወይጦውና ባሪያ የነበረው ሰው ብዙውን ጊዜ ከአቅኚ አባት የሚቆጠር የመሬት ድርሻ አልነበራቸውም። ትውልድ በመቁጠር ብቻ የሚጻፍ ታሪክ እነዚህን ሁሉ ይጥላል። ለእነርሱ የሚመሰክርላቸው የእጃቸው ሥራ ነው፤ የእጃቸው ሥራ ደግሞ በመሬት ውስጥ ነው። የሸክላ ገል፣ ብረት ሲቀልጥ የሚወጣው ጥቁር ዝቃጭ፣ የተጣለ የወፍጮ ድንጋይ፣ የፈረሰ የግንብ መሠረት ሁሉ ምስክር ነው። የአርኪዮሎጂ ጥናት ለአገራችን የሚያስፈልገው ለነገሥታት ሐውልት ብቻ አይደለም።

ከሜጫ ብዙ ሳይርቅ የሚገኙ ጥቂት ምሳሌዎች እንጥቀስ። በጢስ ዓባይ አጠገብ በ17ኛው ምዕተ ዓመት በድንጋይና በኖራ የተሠራ የቆየ ድልድይ አለ። ሰው ሁሉ «የፖርቱጋል ድልድይ» ይለዋል። ንድፉና የኖራው ዕውቀት ከውጭ አገር ሰዎች ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ድንጋዩን ጠርቦ የተሸከመውና ኖራውን ያቃጠለው ግን የአገሩ ሰው ነው። በስሙ ግን እርሱ አልተጠራም። በባሕር ዳር ጊዮርጊስ ቅጥር ውስጥ የሚገኘው የድንጋይ ግንብም እንዲሁ ለፓኤዝ ይሰጣል። ከሐይቁ በስተ ሰሜን በአዘዞና በጎርጎራ ከስፔን አገር የመጡ የአርኪዮሎጂ ሊቃውንት ከ2006 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ቆፍረው የኢየሱሳውያንን ዘመን ሕንፃዎች አጥንተዋል፤ ውጤቱንም በ2017 አሳትመዋል።

ከዚህም እጅግ የሚቀድም ነገር ተገኝቷል። ከጣና በስተ ምሥራቅ በሚገኙት ላሊበላና ናጫቢየት በሚባሉ ዋሻዎች በ1960ዎቹ መጨረሻ ዶምብሮውስኪ የተባለች ተመራማሪ ቆፍራ የገብስ፣ የሽምብራና የሌሎች ጥራጥሬዎች ቅሪት፣ ከከብት አጥንትና ከሸክላ ገል ጋር አገኘች። የታችኛው ደለል ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገምቷል። ይህ ዋሻ የማንም ንጉሥ ቤት አይደለም፤ የገበሬ መጠለያ ነው። ስሙ የማይታወቅ ገበሬ የዛሬ 2500 ዓመት ያህል እኛ ዛሬ የምንበላውን ሽምብራ ይበላ እንደ ነበረ የመሰከረልን እሱ ነው።

ሐይቁ ራሱ እንኳ ታሪክ አለው። በግርጌው የተጠራቀመውን ደለል የመረመሩ ሊቃውንት በ2007 ባሳተሙት ጥናት ጣና ከዛሬ 18,700 ዓመት እስከ 16,700 ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ደርቆ እንደ ነበረ አሳይተዋል። እንግዲህ ዛሬ ታንኳ የሚቀዘፍበት ቦታ አንድ ጊዜ ሰው በእግሩ ሊሄድበት የሚችል ሜዳ ነበረ ማለት ነው።

የቆጋ ውሃና የእኛ ሥራ

«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በሜጫ በከፊል ተሽሯል። በመራዊ አጠገብ በቆጋ ወንዝ ላይ ግድብ ተሠርቶ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት በመስኖ እንዲለማ ተደርጓል። ቆጋ የግልገል ዓባይ ገባር ነው። ገበሬው በበጋም ስንዴ፣ ድንችና ሽንኩርት ያመርታል፤ ይህም የሚያስደስት ነገር ነው። ታሪክ እንዲጠበቅ ገበሬው ይራብ የሚል ተመራማሪ ቢኖር እኔ ከእርሱ ጋር አልተባበርም።

ነገር ግን ግድብ ሲሠራ ሸለቆ በውሃ ይሸፈናል፤ ቦይ ሲወጣ መሬት ይቆፈራል፤ ማሳ ሲስተካከል የድሮው ወሰን ይጠፋል። የድሮው ወሰን ደግሞ የአንድ አባትን መሬት ከሌላው የሚለይ ስለ ነበረ ስም ነበረው። ወሰኑ ሲጠፋ ስሙም ይረሳል። ስለዚህ ተማሪዎች ልንሠራው የምንችለውንና ልንሠራው የማይገባንን ለይተን ማወቅ አለብን።

መቆፈር አይገባንም። በ2000 የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል፤ በድንገት የተገኘ ቅርስም ለሚመለከተው ክፍል እንዲገለጽ ያዛል። ያልሠለጠነ እጅ የነካው ቦታ ከዚያ በኋላ ለሊቅ አይጠቅምም። ያለ ቁፋሮ ሊሠራ የሚችለው ግን ብዙ ነው።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ በክረምት ዕረፍቱ የትውልድ ሰበካውን የማሳ፣ የጅረት፣ የመሻገሪያና የኮረብታ ስም ከሽማግሌዎች ጠይቆ ሊጽፍ ይችላል። ሁለተኛ፣ ከ1975 በፊት ርስት የተሟገቱትን ወይም ሙግት የሰሙትን አዛውንት አግኝቶ የአቅኚ አባቶችን ስምና የትውልዱን ቆጠራ ሊመዘግብ ይችላል። በዚህ ጊዜ የአንዱን ወገን ቃል ብቻ መጻፍ አይበቃም፤ የባላጋራውንም ወገን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሙግቱን ማስረጃ ያደረገው ባላጋራ መኖሩ ነውና። ሴቶችንም መጠየቅ አይዘንጋ፤ ርስት በእናት በኩል ሲቆጠር የእናትን ወገን ከእናት በላይ የሚያውቅ የለም። ሦስተኛ፣ ርስት ያልነበራቸውን የእጅ ሥራ ባለቤቶች ሥራቸውን የት እንደ ሠሩ፣ አፈሩንና ድንጋዩን ከየት እንዳመጡ ጠይቆ ቦታውን በካርታ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። አራተኛ፣ ቦይ ሲጠረግ ወይም ቤት ሲሠራ የወጣ ገልና ድንጋይ ሲያይ ከቦታው ሳያነሣ ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሚመለከተው ክፍል ሊያመለክት ይችላል።

እንዲህ ያለውን ሥራ በመራዊ ዙሪያ ስሞክረው ያየሁትን አንድ ነገር ልጨምር። አንድ አዛውንት ትውልዳቸውን እንዲቆጥሩልኝ ስለምናቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «መሬቱን ልትወስድ ነው ወይ?» ብለው ነበር። ይህ ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ የቆጠራውን ዋጋ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው። ለትምህርት እንደ ሆነ ካስረዳሁአቸው በኋላ አሥራ አንድ ስም ቆጠሩልኝ። ከሰባተኛው በኋላ እያሰቡና እየቆሙ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጠው የልጅ ልጃቸው ከአራተኛው በላይ ያለውን ሰምቶት እንደማያውቅ ነገረኝ።

መደምደሚያ

ከላይ ከተባለው ሦስት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው፣ የሜጫ አገር በጣናና በግሽ ዓባይ መካከል ያለ መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን አገው፣ ጋፋት፣ ዳሞት፣ ኦሮሞና አማራ ተገናኝተው አንድ ገበሬ የሆኑበት አገር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ይህ የሆነበትን መንገድ ከብራና ይልቅ የርስት ሙግት የሚገልጸው መሆኑ ነው። ሦስተኛው፣ ሙግት የማያነሣቸውን ሰዎች ታሪክ የሚያስረዳን መሬቱ ራሱ መሆኑ ነው።

ብራናው በገዳም አለ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣውም ያነበዋል። ገሉም በመሬት ውስጥ ቢቆይ ሠልጥኖ የሚመጣ ይቆፍረዋል። ሽማግሌው ግን አይቆይም። ስለዚህ ከሦስቱ ምስክሮች አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት እርሱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አንባቢ የሆነ ጓደኛዬ በሚመጣው ክረምት ወደ አገሩ ሲገባ አንድ ደብተር ይዞ እንዲገባ፣ መምህራኖቻችንም የሚሰበሰበው ጽሑፍ በአንድ ቦታ እንዲቀመጥ እንዲረዱን በትሕትና አመለክታለሁ። ስሕተቴንም የሚያርመኝ ቢገኝ ደስ ይለኛል፤ ሙግት ያለ ባላጋራ ማስረጃ አይሆንምና።